የመሪ ታሪክ፤ ከሽቦ መኪና እስከ እድራችን የጨዋታ ሣጥን



በየዓመቱ በምናወጣው በዚህ መጽሔት ላይ እንደ ልማዳችን ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ አግዳሚ ወንበር፣ እንዲሁም በዓመቱ ውስጥ ስለ ተለዩን ወንድሞችና እኅቶች እንጽፋለን። ዘንድሮ ግን ለየት ያለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ከመዋጮው ጭማሪ እንኳ አስበልጦ ያጨቃጨቀን፣ ወጣቶቻችን በእድሩ ቤት ጓዳ የሠሩት የጨዋታ ሣጥንና በላዩ የገጠሙት የመኪና መሪ መሆኑን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

«ይህ የሐዘን ቤት ነው ወይስ የቁማር ቤት?» ያሉ ነበሩ። «ኧረ ልጆቹ ዓይናችን ሥር ቢጫወቱ ምን ይጎዳናል?» ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ተነሡና፣ «የእኔ ልጅ መሪ እንደ ጨበጠ ነው የቀረው። ለልቅሶ እዚህ ስመጣ ደግሞ መሪ ልይ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጃቸው በሚኒባስ ሥራ ላይ ሳለ መንገድ ላይ የቀረ መሆኑን፣ ጡሩንባው የተነፋለትንም ሌሊት የዘነጋ ሰው በመካከላችን የለም። ሰብሳቢያችንም ነገሩን በይደር አሳለፉት።

በይደር የቀረ ነገር ተመልሶ ሲነሣ ባዶ እጅን መቅረብ ደግ አይደለም። ስለዚህ ይህ መሪ የምንለው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ከጨዋታ ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ፣ የእኛስ ልጆች ምን እንዳደረጉት አጣርተን ለመጻፍ ተነሣን። ፍርዱ የጉባኤው ነው፤ የእኛ ሥራ ታሪኩን ማቅረብ ብቻ ነው።

መሪ ክብ ከመሆኑ በፊት

የጎጃም ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ በአንድ እጁ ጅራፉን፣ በሌላው እርፉን ይይዛል። ማረሻው ከትልሙ ሲወጣ የሚመልሰው በእርፉ ነው። ድንጋይ ሲመታው ደግሞ ምቱ በእርፉ በኩል ቀጥታ ወደ ክንዱ ይመጣል። አርሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖችም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ዘዴ ይመሩ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበባት ባለ ሦስት ጎማ መኪና ክብ መሪ አልነበራትም፤ የምትታጠፈው በእጀታ ነበር። ከእርሷ ቀጥለው የመጡት ብዙዎቹም እንደ እርፍ ያለ ዱላ ነበራቸው። መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ዱላው ምንም አይል። ፍጥነት ሲጨምርና ጎማው ድንጋይ ሲመታ ግን ዱላው ከእጅ እየተፈናጠረ ያስቸግር ጀመር። በ1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር ላይ አልፍሬድ ቫሽሮን የተባለ ሰው በፓናር መኪናው ላይ በዱላው ፈንታ ክብ መሪ ገጥሞ ቀረበ። ክቡ መሪ ከጥርስ ጋር ሲያያዝ እጅ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት ይታጠፋል፤ ስለዚህ ኃይል ይቆጥባል፣ የመንገዱንም ምት ያበርዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዱላው ቀርቶ ክቡ መሪ በየመኪናው ገባ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እርሳቸው መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙባት አገር ገና መኪና የሚባል አላየችም ነበር። የመጀመሪያው መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ፣ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ደረሰና ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበላቸው። ወደ እኛ አገር የጭነት መኪና በብዛት የመጣው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የመኪናን ክፍሎች ስም እስከ ዛሬ ከጣሊያኖች እንደ ወረስነው እንጠራለን፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ እንላለን። መሪ ግን መሪ ነው፤ የራሳችን ቃል ነው። አባቶቻችን ሌላውን ሁሉ በመጣበት ስም ተቀብለው ይህን አንዱን በራሳቸው አፍ መጥራታቸው ያለ ነገር አይመስለንም። የሚመራ ነገር ምን እንደ ሆነ ከመኪናው በፊት ያውቁት ነበርና።

የሽቦው መኪና

አሁን ሽማግሌ የምንባለው ሁሉ ልጆች ሳለን መኪና ነድተናል። የማን መኪና? የራሳችን! የሠራነውም እኛው ነን።

የሽቦ መኪና አሠራር ለማያውቅ ወጣት እንዲህ ነው። ከአጥር የተረፈ ሽቦ ይለቀምና ይቃናል። አካሉ በሽቦ ይታጠፋል፤ ወይም ከሰርዲን ቆርቆሮና ከዘይት ጣሳ ይቆረጣል። ጎማው ከቆርኪ ወይም ካለቀ የነጠላ ጫማ ሶል ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። ልጅን ከልጅ የሚለየው መሪው ነበር። ከፊተኛው የጎማ ዘንግ ተነሥቶ እስከ ልጁ ደረት የሚደርስ ረጅም ሽቦ ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ሽቦ በክብ ይታጠፍና ጨርቅ ይጠመጠምበታል። ልጁ ቆሞ፣ መሪውን ይዞ፣ መኪናውን ከፊቱ እየገፋ ይሮጣል። ላይ መሪውን ሲያዞር ታች የፊት ጎማዎቹ ይታጠፋሉ።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሽቦው ከሳሳ ላይ እጅ ይዞራል፣ ታች ጎማው አይሰማም፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቦይ ውስጥ ይገባል። ይህን ያወቀ ልጅ ሁለት ሽቦ ገምዶ አንድ ያደርጋል፤ የተገመደ ሽቦ በቀላሉ አይጠመዘዝምና። የፊቱ ዘንግ ከላላ ደግሞ መኪናው ያለ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከጠበቀ ጨርሶ አይታጠፍም። ማንም መምህር በጥቁር ሰሌዳ ያላስተማረንን የመሪ ትምህርት በዚህ ሁኔታ ተማርነው።

ሁለተኛው መኪናችን ኩሽኔታ ነበር። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ተለምኖ፣ ወፍራም ጣውላ ሥር በእንጨት ዘንግ ይገጠማል፤ የፊቱ እንጨት መሐሉን በአንድ ብሎን ብቻ ተይዞ በእግር ወይም በገመድ ይታጠፋል። ከዚያ ቁልቁለት መፈለግ ነው። በከተማችን ቁልቁለት አይጠፋም። ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፤ እናቶቻችንም ጩኸቱን ሲሰሙ ልምጭ ይዘው ይወጣሉ። ጉልበቱ ያልተላጠ ልጅ በሠፈራችን አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለትዝታ ብለን አይደለም። በጉባኤው ላይ «ይህ የመሪ ጨዋታ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ከእኛ ልማድ የወጣ ነው» ሲባል ስለ ሰማን ነው። የሽቦውን መኪና ከፈረንጅ አልተማርነውም።

ሳንቲም የሚበላው መኪና

ወደ ሌላው ዓለም እንለፍ። ልጆቻችን በሣጥን የሚጫወቱት የመኪና ጨዋታ አባት ከኤሌክትሮኒክስ በፊት የነበረ ነው። ደብረ ማርቆስ ከጣሊያን እጅ በወጣችበት በ1941 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ኢንተርናሽናል ሙቶስኮፕ የተባለው ኩባንያ «ድራይቭ ሞቢል» የሚል የጨዋታ ሣጥን ሠርቶ አወጣ። ቴሌቪዥን የለውም፤ መንገድ የተሣለበት ከበሮ ውስጥ ለውስጥ ይሽከረከራል፤ ተጫዋቹ ሳንቲም ከትቶ፣ ክብ መሪ ይዞ፣ ትንሿን መኪና ከመንገዱ እንዳትወጣ ይጠብቃል። ሥራው ከሽቦ መኪናችን ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ልጁ ቆሞ መንገዱ መሮጡ ነው።

በቴሌቪዥን መስኮት የሚታየው ባለ መሪ ጨዋታ የመጣው በ1966 ዓ.ም. ነው። እኛ በአብዮቱ ስንታመስ፣ አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ግራን ትራክ 10» የተባለውን ሣጥን አወጣ። መሪ፣ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫና ፍሬን ነበረው። መንገዱ በሙሉ ከላይ ወደ ታች ይታያል፤ ሰዓቱ ሳያልቅ መዞር ነው። ታሪኩ ለሒሳብ ሠራተኞቻችን ትምህርት የሚሆን ነገር አለው፤ ኩባንያው ሣጥኑን የሸጠው በወጪው ስሌት ተሳስቶ ከተሠራበት ዋጋ በታች ነበር። ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ ከሰረና ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

በዚያው በ1974 እንደ ፈረንጆች፣ በዓመቱ ማብቂያ ላይ፣ ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ስፒድ ሬስ» የሚባለውን አወጣ። የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው፤ እርሱም ከ4 ዓመት በኋላ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሠርቶ በዓለም ታወቀ። በ1982 ናምኮ «ፖል ፖዚሽን»ን አወጣ፤ ፉጂ በተባለው የጃፓን የውድድር ሜዳ ላይ የሚነዳ ሲሆን፣ መንገዱ ከመኪናው ኋላ ሆኖ ወደ ፊት ሲዘረጋ ይታያል። በ1986 የሴጋ «አውት ረን» መጣ፤ በትልቁ ሣጥን ተጫዋቹ ተቀምጦ መሪውን ሲያዞር መቀመጫው አብሮት ያጋድላል። በ1989 ደግሞ አታሪ «ሃርድ ድራይቪን»ን ሲያወጣ ማስነሻ ቁልፍና ፍሪሲዮን ጨመረ፤ ከመሪው ጀርባም ሞተር አስቀምጦ መሪው የተጫዋቹን እጅ መልሶ እንዲገፋ አደረገ። ሰዎቹ ያን ጊዜ ሊመልሱ የፈለጉት፣ ቫሽሮን በ1894 ሊያበርደው የደከመበትን ያን የመንገድ ምት ነበር። የሰው ልጅ ምቱ ሲበዛበት ይሸሸዋል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ይናፍቀዋል!

ወደ ከተማችን የገባው ጨዋታ

እነዚህ ሳንቲም በል ሣጥኖች ወደ ሠፈራችን አልደረሱም። በእኛ ዘመን የከተማ ልጅ ጨዋታ ከረምቡላና ጆተኒ ነበር። ከረምቡላው ለትልልቆች፣ ጆተኒው ለሁሉ። በኋላ የቪዲዮ ቤት መጣ፤ እርሱ ማየት እንጂ መጫወት አይደለም። ሶኒ በ1994 እንደ ፈረንጆች ፕሌይስቴሽንን ካወጣ በኋላ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በየከተማው «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባል ተከፈተ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት የሚከፈል።

ስለ ፕሌይስቴሽን ቤት ክፉ ለማውራት አልተነሣንም፤ ብዙ ሰው እንጀራ ይበላበታል። ነገር ግን አንድ ልብ ያልነው ነገር አለ። በሽቦ መኪና የሚጫወት ልጅ መጀመሪያ መኪናውን ይሠራል። በፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወት ልጅ መጀመሪያ ብር ያመጣል። ብር የሌለው ደጅ ቆሞ በበሩ ቀዳዳ ያያል። መኪናው የሚታጠፈውም በመሪ ሳይሆን በአውራ ጣት ነው።

የልጆቻችን ሣጥን

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት የእድራችን አባላት ልጆች የሆኑ 5 ወጣቶች ወደ ኮሚቴው መጥተው የተሰባበሩትን አግዳሚ ወንበሮች ጣውላ እንድንሰጣቸው ለመኑን። ለምን? ብንል «ለጨዋታ ሣጥን» አሉ። ጣውላው ሊቃጠል ነበርና ሰጠናቸው። በእድሩ ቤት ጓዳ ቁጭ ብለው እንዲሠሩም ፈቀድንላቸው፤ በአንድ ግዴታ። ድንኳን ሲተከልና ሲነሣ ሊያግዙ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ያሰብነው ስለ ድንኳኑ ብቻ ነበር፤ ትከሻ ያለው ሰው እያነሰን ሄዷልና።

ሣጥኑን ሠሩ፤ አሮጌ ቴሌቪዥንና ከአገልግሎት የወጣ ኮምፒዩተር ከተቱበት። የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ሜም ይባላል፤ ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ በ1997 እንደ ፈረንጆች የጀመረው ሲሆን፣ የጥንቶቹ የጨዋታ ሣጥኖች እንዳይረሱ አሠራራቸውን በኮምፒዩተር ላይ እንዲደገም የሚያደርግ ነው። ፕሮግራሙ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ጨዋታዎቹ ግን ባለቤት አላቸው። ስለዚህ ገንዘብ ሊጠየቅበት አይገባም ብለን ገና ከመጀመሪያው አስጠንቅቀናቸዋል፤ እነርሱም ጠብቀውታል።

መጀመሪያ ሣጥኑ ቁልፍ ብቻ ነበረው። መኪና ነዳን ሲሉ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ቁልፍ ደግሞ ወይ ይጫናል ወይ ይለቀቃል፤ ጥቂት መታጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ መሪ እንግጠም አሉ። ከጋራዥ ጥግ የወደቀ የቮልስ መሪ አገኙ። የመሪውን ዘንግ የሚይዝ ነገር ሲቸግራቸው ከመካከላቸው አንዱ ከአባቱ ዕቃ መካከል ሁለት አሮጌ ኩሽኔታዎች ይዞ መጣ። አባቱ በልጅነቱ ከቁልቁለቱ የወረደባቸው ናቸው። እኛም አይተን ሣቅን።

መሪው ዞረ፤ ኮምፒዩተሩ ግን መዞሩን በምን ይወቅ? የመጀመሪያው ሙከራቸው ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ የድምፅ መቆጣጠሪያ ነበር። እርሱም ሲዞር የኤሌክትሪኩን መጠን ያሳንሳል፣ ያሳድጋል፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ጀርባ ባለው ባለ 15 ቀዳዳ የጆይስቲክ መሰኪያ ሲሰካም ኮምፒዩተሩ መጠኑን ያነበዋል። ሰካ ሲያደርጉት ሠራ፤ ግን ጉድ አመጣ። መሪውን ወደ አንዱ ወገን ጥቂት ሲያዞሩት መኪናው ከመንገድ ይወጣል፤ ወደ ሌላው ወገን ግማሽ ዙር ሲያዞሩት ገና ይተኛል። ሳምንት ሙሉ ከተጨነቁ በኋላ ምክንያቱን ደረሱበት። የሬዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሚሠራው ለሰው ጆሮ ነው፤ ጆሮ ድምፅን የሚሰማው እኩል በእኩል ስላልሆነ መቆጣጠሪያውም እኩል በእኩል አይጨምርም። ለጆሮ የተሠራውን ለእጅ ሰጥተውት ነበርና ነው። በዚያ ላይ ያረጀ ስለ ነበር፣ ሬዲዮ ሲከፈት እንደሚንኮሻኮሸው ሁሉ መኪናዋም ቀጥ ባለ መንገድ ትርገፈገፍ ነበር።

ሁለተኛው ዘዴ ከተጣለ የኮምፒዩተር ማውስ መጣ፤ ሆዱ ውስጥ ኳስ ካለው ከድሮው ዓይነት። ኳሱ ሲንከባለል ዙሪያውን የተሰነጣጠቀች ትንሽ ክብ ነገር ያዞራል። በአንድ ወገን ብርሃን የሚሰጥ፣ በሌላው ወገን ብርሃኑን የሚያዩ ሁለት ዓይኖች አሉ። ስንጥቁ ባለፈ ቁጥር ብርሃን ይታያል፤ ይቆጠራል። አንድ ዓይን ብቻ ቢሆን ስንት እንዳለፈ እንጂ ወደየት እንዳለፈ አያውቅም ነበር። ሁለተኛው ዓይን ትንሽ ፈንጠር ብሎ ስለ ተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንዳየ ሲታወቅ ግራና ቀኝ ይለያል። ልጆቹ ይህችን ክብ ከመሪው ዘንግ ጋር አጥብቀው አሰሩ። መጀመሪያ በላስቲክ ቢያያይዙት ላስቲኩ እየተንሸራተተ የመሪው መሐል የት እንደ ሆነ ይጠፋባቸው ነበር፤ ሽቦ ሳይገምዱ መሪ መሥራት ማለት ይኸው ነው። «ፖል ፖዚሽን»ን በዚህ ነዱት፤ የዚያ ጨዋታ የጥንት መሪ ያለ ገደብ የሚዞር ስለ ነበር ተስማማው።

እዚህ ላይ ከእድራችን አንጋፋ አባል አንዱ ገቡበት። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው በዓባይ በረሃ ለዘመናት የተመላለሱ ሹፌር ናቸው፤ ልጆቹ «አያ» ይሏቸዋል። ለሌላ ጉዳይ መጥተው ጓዳው ውስጥ ገቡና «አምጣው እስኪ» ብለው መሪውን ያዙ። አንድ ጊዜ አዞሩትና ለቀቁት። መሪው በዞረበት ቀረ።

«ይህ መሪ ሞቷል» አሉ።

«እንዴት አያ?»

«ሕያው መሪ ስትለቀው ይመለሳል።»

እውነት ነው። የእውነተኛ መኪና የፊት ጎማ የሚታጠፍበት ዘንግ ጥቂት ወደ ኋላ ያጋደለ ስለ ሆነ፣ መኪናው እየሄደ መሪው ሲለቀቅ ጎማው ራሱን ወደ ቀጥታው ይመልሳል። ልጆቹም ከብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ጠባብ ቁራጭ ቆርጠው ከመሪው ዘንግ ግራና ቀኝ ወጥረው አሰሩት፤ እንደ «አውት ረን» ላለው ጨዋታ ከግማሽ ዙር ብዙ እንዳያልፍም ማገጃ እንጨት አደረጉለት። አያ እንደ ገና መጥተው አዞሩና ለቀቁት። ተመለሰ። «አሁን ይተነፍሳል» ብለው ወንበር ሳቡ።

መሪው የሚያስተምረውና የማያስተምረው

ከዚያ ወዲህ አያ ከጓዳው አልጠፉም። የሚያወሩት ግን ስለ ጨዋታው አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ ማርሹ ገና ከላይ እንደሚቀነስ፣ መኪናው በሞተሩ እንጂ በፍሬኑ እንደማይያዝ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ የወረደ ሰው ፍሬኑ ግሎ ታች ሲደርስ እግሩ ሥር ምንም እንደማያገኝ ይነግሯቸዋል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከመመረቁ በፊት በአሮጌው ላይ ከባድ መኪና ይዞ ማለፍ ምን ይመስል እንደ ነበርም ያወጉአቸዋል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ በጨዋታው ተጋጭቶ፣ መኪናው በእሳት ተበትኖ፣ ወዲያው ደግሞ ደህና ሆኖ መንገዱ ላይ ሲቆም አዩ። «እዚህ ብትገለበጥ ትነሣለህ» አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ልጁም ጥቂት ቆይቶ መሪውን ለቀቀና ስለ ፍሬኑ መጠየቅ ጀመረ።

ስለዚህ በጉባኤው የተናገሩት እናት ስሕተት አልተናገሩም። የሣጥኑ መሪ ሐሰተኛ ነው፤ ከብዶ አይከብድም፣ ገድሎ አይገድልም። ይህን ብቻ የለመደ ልጅ እውነተኛውን መሪ ሲይዝ መንገዱም እንደ ሣጥኑ ይቅር የሚለው ሊመስለው ይችላል። የእድራችን መዝገብ መንገድ ይቅር እንደማይል በተደጋጋሚ የተጻፈበት መዝገብ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው ስለ ጨዋታው ለመከራከር መብት የለውም እንላለን።

ነገር ግን ታሪኩ ሌላም ያሳየናል። መሪ የሠራ ልጅና መሪ የያዘ ልጅ አንድ አይደሉም። ሽቦውን ያልገመደ ልጅ መኪናው ቦይ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ለጆሮ የተሠራውን ለእጅ የሰጡት የእኛ ልጆችም፣ አንድ ትንሽ ስሕተት መኪናን ከመንገድ እንደሚያወጣ ሳምንት ሙሉ አይተውታል። በሚሠራበት ቤት ደግሞ አያ አሉ። በብር በሚከፈትበት ቤት እርሳቸው የሉም።

አንድ ሌላም ነገር እንጨምር። ባለፈው ዓመት ድንኳን በተተከለ ቁጥር እነዚህ 5 ልጆች አልቀሩም። ሁለቱ በራሳቸው ስም ተመዝግበው መዋጮ መክፈል ጀምረዋል። እድር በሽማግሌ ብቻ እንደማይቆም ሁላችን እናውቃለን፤ ነገ እኛን የሚሸከመን እነርሱው ናቸው።

ለጉባኤው

ከዚህ በላይ በጻፍነው መሠረት ለመጪው ጉባኤ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሣጥኑ በጓዳው ይቆይ፤ ገንዘብ ግን አይጠየቅበት። ሁለተኛ፣ በአባላት ቤት ልቅሶ በሆነ ጊዜ ሰልስቱ እስኪያልፍ ይቆለፍ፤ መሪውም ለልቅሶ ለሚመጣ ሰው ዓይን እንዳይታይ በጨርቅ ይሸፈን። ሦስተኛ፣ አያ ፈቃዳቸው ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ለወጣቶቹ ስለ መንገድና ስለ መኪና አያያዝ ይንገሯቸው፤ በሹፌርነትና በረዳትነት የሚሠሩ የአባላት ልጆችም ይጠሩ። አራተኛ፣ የሽቦ መኪና መሥራት የሚችሉ አባላት አንድ ቀን ወጥተው ለሕፃናቱ ያሳዩ። ሽቦውን ኮሚቴው ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ከማሳተማችን በፊት ወደ እኒያ እናት ቤት ሄደን አነበብንላቸው። ቡና አፍልተው እስከ መጨረሻው ሰሙን። አሳባቸውን ለውጠዋል ብለን አንዋሽም፤ «ድምፄ ያው ነው» ብለውናል። ስንወጣ ግን እስከ በሩ ሸኝተውን፣ «ሦስተኛ ያላችሁትን አትርሱ። ለእኔ ልጅ እንዲህ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም» አሉን።

እኛም እንዳንረሳው እዚህ ጽፈነዋል።